እጅ የበዛበት ድሪቶ

እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ፤ አሁን ጉልበቴ እየተንቋቋ እንኳ እንዲሁ ነኝ። ለዓመታት በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የልብስ ስፌት ሳስተምር ወንበሬ አቧራ ከመጠጣት ሌላ ሥራ አልነበረውም። ተማሪዎቹ ይሰፋሉ፣ እኔ በመካከላቸው እሽከረከራለሁ። ጡረታ ስወጣ ጎረቤቶቼ «እንግዲህ አረፍሽ» አሉኝ። ማረፍ! በሳምንቱ የግቢውን በር ቀለም ቀባሁት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ቀለም አማረኝና ደገምኩት። የሚቀባ ነገር ሲያልቅብኝ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመርኩ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ «እማማ፣ ዛሬስ ወዴት ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። የምሄድበት አልነበረኝም።

ስለዚህ በረንዳዬ ላይ ሴቶችን ማስተማር ጀመርኩ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ያደግኩበትም አሁን ያለሁበትም ቤት ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ በረንዳው ግን ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናዎቼን፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና ካውያዬን ይይዛል። የማስተምረው ቀሚስና ሱሪ አይደለም፤ እሱን የሚያስተምር ድሬ ውስጥ ሞልቷል። እኔ የማስተምረው ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ የአልጋ ልብስ መሥራት ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አጠገባችን ትኖር ከነበረች አንዲት የግሪክ አሮጊት ነው የለመድኩት። አሮጊቷ ከሞተች በኋላ በሰፈሩ ይህን ነገር የሚሠራ እኔ ብቻ ቀረሁ።

የሰዉ ፌዝ ግን አይጣል ነው። በእኛ አገር ድሪቶ ማለት ሌላ ልብስ የሌለው ሰው የሚለብሰው ነው፤ ቡትቶ በቡትቶ ላይ የተደረተ። «ጡረተኛዋ መምህርት ድሪቶ ታስተምራለች» ተባለ። «በዚህ ሙቀት ድርብ ልብስ ደርቦ የሚተኛ ማን ነው?» የሚሉም ነበሩ። ይሄኛውስ እውነትነት አለው። ድሬ ላይ አንሶላ እንኳ የሚበዛበት ወር ብዙ ነው። ለዚህ ነው መሃሉ ላይ ጥጥ የማናስገባው፤ ያረጀ ስስ አንሶላ ይበቃዋል። ቀን አልጋ ላይ ይነጠፋል፣ ሰው ገብቶ ያየዋል፣ ማታ ተጣጥፎ ይነሳል። ተግባሩ ይኸው ነው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ።

ትምህርቱ ቀላል ይመስላል። ከካርቶን መለኪያ ትቆርጫለሽ፤ በመለኪያው ጨርቁን ቆርጠሽ ካሬ ካሬ ታወጪያለሽ፤ ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥመሽ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብለሽ ትሰፊያለሽ፤ ትተኩሻለሽ። ከዚያ ሌላ ካሬ ትጨምሪያለሽ። ረድፉ ሲሞላ ከሌላ ረድፍ ጋር ትገጥሚያለሽ። ጀማሪ የሚያጠፋው ግን ማለቂያ የለውም። መለኪያው ይንሸራተትባታል፣ ስፌቱ አንዴ ሰፊ አንዴ ጠባብ ይሆናል፣ መተኮስ ትሰለቻለች፤ ማዕዘኖቹ አልገናኝ ሲሉ ደግሞ በእኔ ላይ ትቆጣለች። ተማሪ ስታጠፋ ዝም ብሎ ማየት ለእኔ ከጾም ይከብዳል። እጄን ያሳክከኛል። ከእጇ ነጥቄ ተርትሬ ልስፋው ይለኛል። እንዳላደርገው ነው ጠረጴዛውን የምዞረው።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ቀድማ የመጣችው በመጋላ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሌ ሴት ናት። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ ቤት ስትገባ ቤቱን የምትሞላ። መጀመሪያ የመጣችው ለመማር አልነበረም። ከሱቋ የተረፈ ቁርጥራጭ ልታመጣልኝ መጥታ ጠረጴዛዬን አይታ ጮኸች።

«አንቺ! ደህናውን ጨርቅ ትቆራርጪና መልሰሽ ትሰፊዋለሽ? ወላሂ አንዱ ነክቶሻል!»

በድሬ ለትልቁም ለትንሹም አንተና አንቺ ነው፤ ከደጋ የሚመጡ ዘመዶቼ እስኪለምዱት ይደነግጣሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ መጣችና ሳትጠይቀኝ መኪናው ላይ ተቀመጠች። ለልጅ ልጇ ልትሠራ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳው የእሷ ሆነ ማለት ይቻላል። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ሻይ መቼ እንደሚፈላ የምትወስነው እሷ ናት። ሌሎቹ ሴቶች በእሷ ወሬ ተስበው የመጡ ናቸው።

ልጅቷ የመጣችው ኋላ ነው። ከሐረርጌ ገጠር መጥታ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ኦፕሬተር ሆና ትሠራ ነበር። ሥራ ቀዘቀዘ ተብሎ የእሷ ላይን፣ ከሌሎች ጋር እየተቀባበለች የምትሰፋበት መስመር፣ ቆመ፤ «ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ» ተብለው ተሰናበቱ። ከሌሎች የፋብሪካ ልጆች ጋር ከተከራየችበት ክፍል በሚኒባስ እየመጣች መማር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ቀጭን ናት፤ ስታወራ ወለል ታያለች።

መጀመሪያ መኪናው ላይ ስትቀመጥ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስፌቷ እንደተወጠረ ክር ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ፈጣን፣ አንድ ቦታ እንኳ ያልተወላገደ። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው አዩአት። «ማሻአላህ! እሷ ናት እኛን የምታስተምረው» አለች የመጋላዋ። ደስ አለኝ፤ ቅናትም ቢጤ ነካ አደረገኝ፤ ልደብቀው አልችልም።

ከዚያ ግን አንድ ነገር አየሁ። ሁለት ካሬ ትገጥምና ክሩን ቆርጣ፣ ቀና ሳትል፣ የሰፋችውን በግራ እጇ ወደ ጎን ትገፋዋለች። በግራዋ በኩል ሰው የለም፤ ጨርቁ ወለል ላይ ይወድቃል። ቀጣዩንም እንዲሁ። ወለሉ ላይ የተከመረውን ስታይ ደንግጣ ትለቅማለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ መልሳ ትገፋለች። ፋብሪካ ውስጥ በግራዋ የምትቀበላት ልጅ ነበረች ለካ። እጇ አሁንም ያቺን ልጅ ይፈልጋል።

ቆረጥ አድርጌ የሰጠኋት ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲያልቅ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ቀጥይ እንጂ» አልኳት።

«ጨረስኩ፣ ቲቸር።»

«ምኑን?»

«የኔን።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ሦስተኛው ካሬ እንደሚጨመር፣ ከዚያም ሌላ እንደሚጨመር፣ ያንንም የምትጨምረው ራሷ እንደሆነች አስረዳኋት። በትኩረት ሰማችኝ። ለዓመታት የሰፋችው የሱሪ የኋላ ግራ ኪስ ብቻ እንደሆነ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ኪሱም ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ተተኩሶ ነው የሚደርሳት፤ እሷ ትሰፋና ታሳልፋለች።

«ሱሪው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል አይተሽ አታውቂም?» አልኳት።

«ካርቶኑን አውቀዋለሁ። ስንወጣ በር ላይ ተደርድሮ አየዋለሁ።»

በዚያ ዕለት ሌሎቹ ሲሄዱ ቀረት ብላ መቀሶቹን ሰበሰበችልኝ። በሩ ላይ ደርሳ ነው የተናገረችው። አንድ ሙሉ ነገር መስፋት ትፈልጋለች። ከመጀመሪያው መቀስ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ፣ ሌላ ሰው ሳይነካው። ፋብሪካው ሳይጠራት በፊት።

«ከገባሁ ጊዜ የለኝም፣ ቲቸር። እንቅልፍ ብቻ ነው የሚኖረኝ» አለችኝ።

ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የባሰውን እረፍት አጣሁ። የእሷ ስልክ ጮኸ ማለት እኔ ካለሁበት ዘለልኩ ማለት ነው። ከመኪናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሲነዝር ልቤ አብሮ ይነዝራል። አንዳንዴ የቤት ኪራይ ተካፋይዋ ናት፣ አንዳንዴ ከገጠር እናቷ ናት። «ማን ነው? ማን ነው?» እላለሁ፣ እንደ ቀናተኛ ባል። የመጋላዋ ሴት ጨርሶ አልገባትም። «ይጥሯት እንጂ! ሥራ አይደል? አንቺ ልጅቷ ሥራ እንዳትይዝ ነው የምትጸልዪው?» ትለኛለች። እኔ የምጸልየው እንዲዘገዩ ነበር፤ ትንሽ ብቻ።

ልጅቷ ደግሞ ፈጥና ትሠራለች ብዬ ስጠብቅ ተጎተተች። ስፌቱ ላይ አይደለም፤ ቀለም መምረጡ ላይ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቀለም መርጣ አታውቅም፤ የመጣላትን ነው የምትሰፋው። የቁርጥራጩን ዘንቢል ፊቷ አድርጋ አንዱን ከአንዱ እያስጠጋች፣ እየመለሰች፣ እያየች ግማሽ ቀን ትውላለች። የስስ ሽቲ ቀሚስ ትራፊ፣ የሽርጥ ቁራጭ፣ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ቅዳጅ፤ ሁሉንም በእጇ ትዳብሳለች። እኔ ከኋላዋ እንጎራደዳለሁ። «ቀዩን ያዢ! ቀይ ምን አለው?» ትላታለች የመጋላዋ ከመኪናዋ ላይ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ዘንቢሉን ታገላብጣለች። በመጨረሻ የመረጠችው ቢጫና አመድማ ነው። እንዴት እንዳስጠላኝ! የሰናፍጭ ቢጫ ከሲሚንቶ ቀለም ጋር! ዘንቢሉ ውስጥ ቆንጆ ቆንጆ ሰማያዊ ነበር፤ አንስቼ ጠረጴዛው ጥግ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ ዓይኗ በሚያርፍበት ቦታ አስቀመጥኩላት። አይታ መልሳ ዘንቢሉ ውስጥ ከተተችው። እኔም ወጥቼ አትክልት አጠጣሁ፤ ውኃ ስለጠፋ ባልዲው ውስጥ የቀረውን ነው ያጠጣሁት።

እያደር ግን ረድፎቹ ተያያዙ። ማዕዘኖቹ ተገናኙ። ላይኛው ፊት ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ያ ያስጠላኝ ቢጫ ከአመድማው መካከል የጠዋት ፀሐይ ግድግዳ ላይ እንደምትወድቀው ሆኖ አየሁት። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ጥሩ ነበር። ከሥሩ ያረጀ አንሶላ፣ ከአንሶላው ሥር ደግሞ ጀርባ የሚሆን ወጥ ጨርቅ አነጠፍን፤ ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በረጅም ስፌት አያያዘች፤ ከዚያ ከላይ እስከ ታች እየተመላለሰች በእጇ ሰፋችው። ጣቷ ቆሰለ። ሳይሰፋ የቀረው ጠርዙ ብቻ ነበር፤ አራቱን ጎን ዙሪያውን የሚከበው ጥብጣብ። እሱ ካልተሰፋ ሥራው አላለቀም፤ ውስጡ ይታያል፣ ጨርቁ ይተረተራል።

ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ቆማ አናገረች። «እሺ። እሺ። እሺ» አለችና ዘጋችው። ነገ ጠዋት ለምዝገባና ለጤና ምርመራ፣ ከነገ ወዲያ ሥራ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አብሬ እልል አልኩና ወዲያው ያልተሰፋውን ጠርዝ አየሁ። ልጅቷ ከእኔ የተረጋጋች ነበረች።

«ጠርዙ ግማሽ ቀን ይበቃኛል፣ ቲቸር። ነገ ከምርመራው በቀጥታ እመጣለሁ» ብላ አጣጥፋ እኔ ዘንድ ትታው ሄደች።

በማግስቱ የመጋላዋ ሴት ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ልብሱን ከታጠፈበት አንስታ ዘረጋችው፤ ሌሎቹን ጠራች፤ ልጅቷ ቆርጣ ያዘጋጀችውን የጠርዝ ጥብጣብ አወጣች።

«ኑ፣ አራታችንም አንድ አንድ ጎን እንያዝ። ስትመጣ አልቆ ታገኘዋለች!»

ለእነሱ ይህ ደንብ ነው። መጋላ ውስጥ ሙሽራ ዕቃዋ ሳይደርስ ቀኗ ከቀረበ የሰፈሩ ሴት ሁሉ መርፌውን ይዞ ይመጣል፤ ማንም ተጠርቶ አይደለም። ሰው ጊዜ ሲያጥረው እጅ ማዋጣት ነው፤ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። ይህን የማውቀው እኔም በዚያ እጅ ያደግኩ ስለሆንኩ ነው።

«ተዉት፤ ራሷ መጨረስ ትፈልጋለች» አልኩ።

«መቼ ጊዜ ሰጧት? ነገ እኮ ትገባለች!»

«ዛሬ ከሰዓት ትመጣለች።»

«ደክሟት! ከምርመራ ሰልፍ ደክሟት መጥታ ስትሰፋ ቁጭ ብለን ልናያት ነው? አቦ፣ አንቺ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?»

አንድ ሙሉ ነገር ራሷ መስፋት እንደምትፈልግ፣ ሌላ እጅ እንዳይገባበት እንደምትፈልግ ነገርኳቸው። ስናገረው ለራሴም የልጅ ነገር መሰለኝ። የመጋላዋ ሴት በፍቅር ነው የሳቀችብኝ። «አባዮ፣ ሰፍታዋለች እኮ! ጠርዝ ብቻ ነው የቀረው። ጠርዝ ምንድን ነው?» አለችና በምላሷ ያረጠበችውን ክር መርፌዋ ውስጥ ሰካች። አባዮ ማለቷ እህቴ ማለት ነው፤ እህቴ ከተባልኩ በኋላ እንዴት ልቆጣ? ሌሎቹ አንድ አንድ ጎን ይዘው ተቀመጡ። ማንም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ጮኼ አስወጣቸው ነበር።

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። በጥላው ሥር እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድኩ፤ በሩን አይቼ ተመለስኩ። ተመልሼ ልንጠቃቸው አልኩ፤ መንገዱ አጋማሽ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። ምን ሊባል ነው? መምህርቷ በእርዳታ ላይ ተቆጣች? «አሸዋ፣ አሸዋ» እያለ ወደ አሸዋ ሰፈር የሚጣራ ሚኒባስ ፊቴ ቆመ፤ ተሳፈርኩና ደቻቱ ድልድይ ላይ ወረድኩ። ወንዙ ደረቅ ነው፤ አሸዋው ላይ ሰዎች ይሻገራሉ። ፀሐዩ አናቴን በላው። ልጅቷን በስልክ ልጥራትና ፈጥነሽ ነይ ልበላት ብዬ ስልኬን ብፈልግ ቤት ትቼዋለሁ። በእግሬ ተመለስኩ፤ እየተጣደፍኩ፣ እየተናደድኩ፣ ከእነሱ ይልቅ በራሴ።

በረንዳው ላይ ስደርስ አልቋል። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ተተኩሶ፣ ዙሪያውን በጥንቃቄ ተከብቦ። የመጋላዋ ጎን በተለይ ስፌቱ የማይታይ ነበር፤ ከእኔ ስፌት ይበልጣል። ሴቶቹ የልደት ቀን እንደሚጠብቁ ልጆች ፊታቸው በርቶ ተቀምጠዋል።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ መጣች፤ እየሮጠች መምጣቷ ከአተነፋፈሷ ያስታውቃል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠረጴዛውን አየች። እኔ ፊቷን ነው ያየሁት። የሆነ ነገር ከፊቷ ላይ ወረደ፤ ወዲያው በቦታው ፈገግታ መጣ። አንድ በአንድ እየዞረች ሁሉንም ሳመች። «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለች በኦሮምኛ አመሰገነች፤ የመጋላዋን ሴት ትከሻ አቅፋ ቆየች። እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ወለል ላይ አደረገች። ልብሱን አጥፋ በፌስታል ይዛ ሄደች። ሴቶቹ በደስታ ተበተኑ። እኔ ያን ዕለት ምሳም እራትም አልበላሁም፤ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ በሙሉ አውርጄ መልሼ ደረደርኩት።

ሥራ ገባች። ሳምንታት አለፉ፤ አልመጣችም፣ አልደወለችም። ደውዬ ምን ልላት ነው እያልኩ ስልኬን አንስቼ አስቀምጣለሁ። ሌሎች ጀማሪዎች መጡ፤ መለኪያው ተንሸራተተ፣ ማዕዘን አልገናኝ አለ፣ እኔም ጠረጴዛውን ዞርኩ። በግራ በኩል ጨርቅ በወደቀ ቁጥር ግን ቀና ብዬ አያለሁ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ ከተመለስኩ በኋላ፣ የመጋላዋ ሴት በረንዳው ላይ የልጅ ልጇን የአልጋ ልብስ ስትሰፋ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ልጅቷ ናት። ከስታለች። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ፌስታሉን ይዛለች። የመጋላዋ ሴት ደስ ብሏት እየጮኸች ብድግ አለች፤ ልጅቷ እሷን ስታይ ግን እግሯ ደጃፉ ላይ ቀረ። እዚህ ታገኛታለች ብላ አላሰበችም።

«ግቢ እንጂ!» አለቻት የመጋላዋ፣ ፌስታሉን ተቀብላ ልብሱን እያወጣች።

ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ጠርዙ የለም። አራቱም ጎን ተተርትሮ ውስጡ ያለው አሮጌ አንሶላ አፉን ከፍቷል፤ መርፌው የገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያውን ይታያሉ። ጥብጣቡ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ ብቻውን በክር ታስሮ አብሮ ተቀምጧል።

የመጋላዋ ሴት በጣቷ ጠርዙን ዳሰሰችው።

«ማን ነው የተረተረው?»

«እኔ» አለች ልጅቷ። ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል። «በምላጭ። ከሥራ ስገባ ትንሽ ትንሽ።»

«ስፌቴ ጠማማ ነበር?»

«አልነበረም። ከኔ ያምር ነበር።»

«ታዲያ?»

እኔ ልናገርላት ብድግ ብዬ ነበር፤ ደግነቱ እሷ ቀደመችኝ። ቀስ ብላ ተናገረች። ክፍላቸው ውስጥ ፍራሿ ላይ ስታነጥፈው አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ከበው አዩት። ማን ሰፋው ብለው ጠየቋት። ሁሉም የፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ ስፌት ያውቃሉ፤ አንዷ ጠርዙን ገልብጣ የማን እጅ እንደሆነ ትፈልግ ነበር።

«እኔ ልል ፈለግኩ፣ አፌ እምቢ አለኝ» አለች። «አብረን ነው የሰፋነው አልኳቸው። እነሱም፣ እንደ ላይናችን ነዋ አሉኝ።»

የመጋላዋ ሴት ፊቷ ጠቆረ። ተቀይማለች፤ እንዴት አትቀየም? ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ የልጅ ልጇን ልብስ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ከተተች፣ ቦርሳዋን አነሳችና በደረጃው ወረደች። ጫማዋ ጠጠሩ ላይ ሲንቋቋ ሰማን። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ አልነበረውም። እኔ ማንኛቸውን ልከተል ብዬ በሁለቱ መካከል ተገተርኩ።

ከግቢው በር የጫማው ድምፅ ተመለሰ። የመጋላዋ ሴት በረንዳው ላይ ወጣች፣ ወንበር ጎትታ ከጠረጴዛው ራቅ አድርጋ አስቀመጠች፣ ተቀመጠችበት፣ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ከተተች።

«ስፊ» አለች። «እጄን አላወጣም። አንቺም ተቀመጪ!»

የመጨረሻው ለእኔ ነው። ተቀመጥኩ።

ልጅቷ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ መርፌው ውስጥ ክር ሰካች። ጥብጣቡን ያዘች። እንዴት እንደሚታጠፍ አንዴ ጠየቀችኝ፤ በአፌ ነገርኳት። አንደኛው ጎን አለቀ። ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ተሳሳተች፤ እጥፋቱን በተቃራኒው አደረገችውና ጨርቁ ጎበጠ። እኔ አየሁት። የመጋላዋ ሴት አየችው፤ ወንበሯ ሲጢጥ አለ፤ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ወንበሬን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ላይ ዞረች፣ ሻይ ማንም አላፈላም፣ ልጅቷም ቀና አላለችም። የጎበጠውን ማዕዘን ኋላ ላይ ራሷ አየችው። በአውራ ጣቷ ጫን አለችው፤ አልተስተካከለም። ትተርትረው ይሆን ብዬ አየኋት። ትታው አለፈች።

የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጥራ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ልብሱን ዘረጋችውና እጆቿ የሚይዙት አጥተው ሁለት ጎኗ ላይ ተንጠለጠሉ። የመጋላዋ ሴት እጆቿን አሁንም ከጭኗ ሥር እንዳደረገች አንገቷን አስግጋ ጠርዙን ዙሪያውን አየችው፤ የጎበጠውም ላይ ዓይኗ ቆየ።

«ይሄን ማን ሰፋው?» አለች።

«እኔ!» አለች ልጅቷ፤ ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኾ ወጥቶ ራሷንም አስደነገጣት።